የማያድር ዳቦ

የያዙኝ ገና ፊቴን ሳልታጠብ ነው። ጄኔቭ፣ እኛ ፎዬ የምንለው የስደተኞች መኖሪያ ውስጥ ሁለት ፖሊሶች በሬን አንኳኩ፣ ስሜን አጣመው ጠሩና ልብስሽን ልበሽ አሉኝ። የጥገኝነት ጥያቄዬ ኔጋቲቭ ከሆነ ሰንብቷል። ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ ስጠብቅ፣ መጠበቁ ሲሰለቸኝ መጡ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ቤት ታስሬ ነበር። ወጥቼም አፌን አልዘጋሁም። ጄኔቭ ያለው ኤምባሲያችን ደጃፍ ሰልፍ በተጠራ ቁጥር መፈክር የማስጮኸው እኔ ነኝ፣ ፎቶዬም ተነስቷል። ከመለሱኝ ከአውሮፕላኑ ደረጃ የት እንደምወሰድ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም ነበር።

ዙሪክ ወሰዱኝ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወዳለ እስር ቤት። ክፍሉ ንጹህ ነው፣ እውነቱን ልናገር። ሁለት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ የወለል ሳሙና ሽታ። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። አንደኛው አልጋ ላይ ነጠላ የለበሱ ትልቅ ሴትዮ ተቀምጠዋል።

«ከየት ነሽ ልጄ?» አሉኝ፣ በአማርኛ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ጎንደሬ ናቸው፣ ቤተ እስራኤል። የአጎታቸው ልጆች ኢየሩሳሌም ገብተዋል። እሳቸውን ግን የእስራኤል ሹማምንት አባትሽ ሃይማኖቱን ቀይሮ ነበር ብለው አስቀሯቸው። ጎንደር ከተማ ቤት ተከራይተው ዕድሜያቸውን በመጠበቅ ጨረሱት። በመጨረሻ በስንት መከራ እዚህ ደረሱ፣ እዚህም እምቢ ተባሉ።

ምግብ በጋሪ ነው የሚመጣልን። እኔ ከአገር ቤት እስር የተማርኩት ነገር ቢኖር ዳቦ ስታገኚ ግማሹን ደብቂ የሚለውን ነው። ትራሴ ሥር ደረቅ ዳቦ አይጠፋም። እሳቸው ደግሞ ማታ የተረፋቸውን ፈርፍረው በመስኮቱ ፍርግርግ ለወፍ ይበትኑታል። አርብ ብቻ ለሰንበታቸው ያስቀምጣሉ፣ ቅዳሜ ከጋሪው አይቀበሉም።

«እትዬ፣ ነገ ባያመጡስ?» አልኳቸው።

«እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲለቅሙ ለነገ ብለው ያሳደሩት ተላባቸው። ለሰንበት ያሳደሩት ብቻ ደህና አደረ።»

«ታሪኩንማ እኔም አውቀዋለሁ። ያ ከሰማይ ነው የወረደው፣ ይሄ ከማዕድ ቤት ነው!»

ሳቁ። «ማዕድ ቤቱስ የማን ነው?»

በሸቅኩ። እንዲህ ያለ ወሬ ለሞላለት ሰው ነው የሚያምርበት አልኩ በሆዴ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከግቢው ሽርሽር ስመለስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ዝም ብል ምን ነበረበት!

«እትዬ፣ እምነትዎ ታዲያ የት ሄደ?»

ቀና አሉ። ዓይናቸው ደም መስሏል። «ማልቀስ ክህደት ነው እንዴ፣ አንቺ? ለማላምነው ምን ብዬ አለቅሳለሁ? እግዚአብሔር አባቴ ነው። ተቆጥቼዋለሁ።»

«ያስፈታኛል ብለው ነው?»

«ያስፈታኛል መቼ አልኩ? አይተወኝም ነው ያልኩት። ሁለቱ ለየቅል ነው።» ነጠላቸውን አጣጥፈው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተከፈተ። የምናውቃት ጠባቂና አንድ ፖሊስ ናቸው። የእኔ ቀን ደረሰ ብዬ ጫማዬን አነሳሁ። የጠሩት ግን የእሳቸውን ስም ነው።

እሳቸውም ተነሱ። ፊታቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ። ፖሊሱ ሻንጣቸውን እንዲያነሱ ጠቆማቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰንበት ነው። ሸክም አልይዝም።»

አማርኛ የት ያውቃል! አልሄድም ያሉ መሰለው። ድምፁን ከፍ አደረገና እጁን ወደ ካቴናው ሰደደ። አልሄድም ያለ ሰው እንዴት ታስሮ እንደሚወሰድ ሁለታችንም ሰምተናል። ከአልጋዬ ዘልዬ ሻንጣውን አነሳሁና ሰንበት ነው ለማለት «ሻባት! ሻባት!» እያልኩ ጮህኩ። ጠባቂዋ ገባት። በጀርመንኛ የሆነ ነገር አለችው፣ እሱም እጁን መለሰ።

እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ሻንጣውን እኔ ተሸከምኩላቸው። እሳቸው ሰርግ እንደተጠራ ሰው ባዶ እጃቸውን፣ ቀስ ብለው ተራመዱ። የብረቱ በር ጋ ስንደርስ ዞር አሉ።

«የሰንበቴ ዳቦ አልጋው ላይ አለልሽ። የዛሬ ነው፣ እንዳታሳድሪው።»

«ለመንገድ ይያዙት እንጂ፣ እትዬ!»

«ሸክም አልይዝም አልኩሽ እኮ» ብለው ፈገግ አሉ።

ዳቦውን እያለቀስኩ በላሁት። ትራሴ ሥር ያለውንም አውጥቼ ለወፎቹ በተንኩት። ድንጋይ ሆኖ ስለነበር እነሱም ተቸገሩ። ሌሊቱን «ነገ ባያመጡስ» እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ። እሁድ ጠዋት ጋሪው መጣ።

እኔን በኋላ ጠበቃዬ ይግባኝ ብላ አስፈታችኝ። ዛሬ ዙሪክ ውስጥ አልትሽቴተን የሚባል ሰፈር እኖራለሁ፣ የአውቶቡስ ዴፖ ውስጥ በጽዳት እሠራለሁ። ከጎንደር የመጣን ሰው ሁሉ ስለ እሳቸው ጠይቄያለሁ፣ የሚያውቅ የለም። እሳቸው ተወስደው እኔ ነጭናጫዋ ለምን እንደቀረሁ አይገባኝም። የገባኝ መስዬም አላወራም።

አርብ አርብ ሁለት ዳቦ እገዛለሁ። እዚህ የተወለደችው ልጄ «ማሚ፣ ነገም ሱቅ ክፍት ነው እኮ» ትለኛለች። ቅዳሜ ጠዋት አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ደግሞ ወደ ላይ አንጋጥጬ «እትዬን የት አደረስካቸው?» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ብሶብኝ በጩኸት ነው ያልኩት። ልጄ ከክፍሏ ሮጣ ወጣች።

«ማሚ፣ ማንን ነው የምትቆጪው?»

«አባቴን» አልኳት።