የሚዛን ጠጋኟ ሦስት ልጆች

ሰፈርተኛው መረጃ ሰብሳቢዋን «ጉድጓድ» ይላት ነበር፤ የገባባት ነገር ተመልሶ አይወጣም ለማለት። ሃያ ዓመት ሙሉ ለአንድ የጥናት ተቋም መረጃ ሰብሳቢ ሆና ቤት ለቤት ስትዞር እንጀራዋ ይኸው ጸባይዋ ነበር። በርጩማ ስባ ትቀመጣለች፣ ሰውን አታጣድፍም። ለእናታቸው ያልነገሩትን ለእሷ የሚነግሯት ብዙ ናቸው።

ስለ ወሊድ ለሚካሄድ ጥናት የተዘጋጀውን መጠይቅ ይዛ አንድ ቀን ገበያው ጥግ ወዳለችው ጠባብ ሱቅ ገባች። ባለሱቋ ባሏ ሲሞት ሙያውን ወርሳ ሚዛን የምትጠግን ሴት ናት። በከተማው ይህን ሥራ የምትሠራ ሌላ ሴት የለችም።

«ስንት ልጅ ወልደዋል፣ እትዬ?»

«ሁለት» አለች ሚዛን ጠጋኟ። ካቻቢቴዋን አስቀምጣ በሩን ገርበብ አደረገችው። «ስሜ ይጻፋል?»

«አይጻፍም። ማንነትዎን ማንም አያውቅም።»

«እንግዲያው ሦስት በይው።»

በአሥራ ስድስት ዓመቷ የወለደቻትን ሴት ልጅ ለማታውቃቸው ሰዎች አሳልፋ ሰጥታለች። ባሏ ይህን ሳያውቅ ሞተ፤ ወንድ ልጇና ሴት ልጇም አያውቁም። ስትናገር አላለቀሰችም፤ አንዱን የሚዛን ሳህን በቀሚሷ ጫፍ ደጋግማ ትወለውል ነበር።

መረጃ ሰብሳቢዋ ቃሏን ጠበቀች። ስም አልጻፈችም፤ ቢሮ ሲገባ የቤት ቁጥሩና ስልኩም ተፋቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተቋሙ ሌሎች ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበት ብሎ የሰዎቹ መልስ በየመስመሩ የሰፈረበትን ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ስም ስለሌለበት የሰጋ አልነበረም።

አንድ ቀን በገበያው ስታልፍ እንደ ልማዷ ሰላም ልትል ጎራ አለች። ሚዛን ጠጋኟ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ትንሹ ልጄ አየው» አለቻት። «ዩኒቨርሲቲ ለመልመጃ ሰጧቸው። ሴት፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት፣ ባሏ የሞተባት፣ ሚዛን ጠጋኝ ይላል። ‹ይህቺማ እናቴ ናት› ብሎ እየሳቀ ነው አሉ ለጓደኞቹ ያሳያቸው። ቀጥሎ ያለውን፣ ለሰው የሰጠኋትን ልጅ ነገር፣ ከእነሱ ጋር አነበበው። ‹እናቴን ከአርባ ተማሪ ጋር እኩል ነው ያወቅኳት› አለኝ። አሁን አጎቱ ቤት ነው።»

«ሴቷስ ልጅዎ?»

«እሷ የእህቷን ስም ብቻ ጠየቀችኝ። ስም አላወጣሁላትም ነበር።» ቀጥላም «አንቺን አልወቅስም፤ ስሜን አልጻፍሽም» አለች።

ይህ መረጃ ሰብሳቢዋን ከስድብ ይልቅ ከነከናት። በዚያው ወደ ቢሮ ሄደች።

«ሕጉን ጠብቀናል፤ ስም የለበትም» አሉ ኃላፊው።

«ይህቺን ሴት ለመለየት ስም አያስፈልግም፣ ጌታዬ።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። መስመሩን ሲያነቡ መነጽራቸውን አወለቁ። ሰንጠረዡ በማግስቱ ከኢንተርኔት ተነሳ፤ ሙያው «የግል ሥራ»፣ ዕድሜውም «ከሃምሳ በላይ» ተብሎ ታረመ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቀድመው የቀዱት ሰዎች ግን አሁንም ይዘውታል።

ከዚያ ወዲህ መረጃ ሰብሳቢዋ በየደጁ አዲስ ነገር ትናገራለች። «ስምዎ አይጻፍም። ግን ኑሮዎን የሚያውቅ ሰው ሊለይዎ ይችላል፤ ያልፈለጉትን ይለፉት።» ብዙዎች ያልፋሉ። በየሳምንቱ የምትመልሰው የተሟላ መጠይቅ ቀነሰ፣ ቢሮውም አጉረመረመ፤ እሷ ግን ማስጠንቀቋን አልተወችም።

ልጁ አልፎ አልፎ እናቱን ሊጠይቅ ይመጣል። ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰላም ይላል እንጂ አይቀመጥም።

ሚዛን ጠጋኟ አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ አለቻት፦ «እህቴ፣ አንቺ የማትገቢበት ቤት የለም። አርባ ያለፋት፣ በሕፃንነቷ ለሰው የተሰጠች ሴት አጋጥማሽ ታውቃለች?»

መረጃ ሰብሳቢዋ ሁለት ሦስት ሴቶች ትዝ አሏት። 

«ቢያጋጥመኝም አልነግርዎትም፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ የሚዛን ሳህኑን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች።

«አዎ» አለች በመጨረሻ። «አትንገሪኝ።»

ካቻቢቴዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።