ስንት ሰዓት ነው፣ ኸይሪያ?

ኸይሪያን ሰላም ማለት ለሰው ሁሉ ጭንቅ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ያገኛት ሰው «ደህና አደርሽ» ቢላት፣ እሷ ገና ልትተኛ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ «ደህና አመሸሽ» ቢላት፣ እሷ ፊቷን ታጥባ ቁርስ ልትሠራ ነው። ጎረቤት ቤት የምትሠራው የጎጃሟ አበበች አንድ ሰሞን ስትሞክር ቆየችና ሲያቅታት የራሷን ሰላምታ አወጣች። በበሩ ብቅ ብላ «ደህና ነቃሽ?» ትላታለች። ኸይሪያም እንደ ሁኔታው «አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ቀን ነኝ» ወይም «ዛሬ ሌሊት ነኝ» ብላ ትመልሳለች። በመላው የሩመይሲያ ሰፈር እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ኸይሪያ የከሚሴ ልጅ ናት። ኩዌት ከገባች ሰባት ዓመቷ ሲሆን፣ ያለፉትን አራቱን ማማ ሉልዋን ስታስታምም ነው የኖረችው። ማማ ሉልዋ ሰማንያ ያለፋቸው የቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ አሁን ብርሃን እንኳ አይለዩም። ከዓይናቸው ጋር እንቅልፋቸውም ተበላሸ። አንድ ሰሞን እንደ ሰው ማታ ተኝተው ጠዋት ይነሣሉ፤ ዐሥር ቀን ሳይቆይ ቀኑን ሙሉ ያንኮራፉና ፀሐይ ስትጠልቅ ቁርስ አምጡ ይላሉ። የቤቱ እመቤት፣ ልጃቸው ማዳም ኑራ፣ የእናቷ አእምሮ ተነካ ብላ ደምድማለች። ከኸይሪያ በፊት የነበሩት ሁለት ሠራተኞች ደግሞ ነገሩን ለጂን ሰጥተው ወጥተዋል።

ኸይሪያ እውነቱን የደረሰችበት በብልሃት አይደለም፣ በልጇ ናፍቆት ነው። ከሚሴ ያለችው ኑርሀን ከትምህርት ቤት የምትመለሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ኸይሪያ በዚያ ሰዓት ነቅታ ትሁን ተኝታ አስቀድማ ማወቅ ፈለገች። ስለዚህ ጀምዒያ የሚሉት የሰፈሩ የሸማቾች ሱቅ በነፃ ባደለው ካላንደር ላይ ማማ የነቁበትን ሰዓት መጻፍ ጀመረች። አንድ ወር ሲሞላ ዓይኗን ማመን አቃታት። ቁጥሮቹ ልክ እንደ ተማሪ ተሰልፈዋል። ማማ ሉልዋ በየቀኑ አንድ ሰዓት ዘግይተው ይነቃሉ፣ አንድ ሰዓት ዘግይተውም ይተኛሉ። ለሰው ሁሉ ሃያ አራት ሰዓት የሆነው ቀን ለእሳቸው ሃያ አምስት ነው። ከንጋቱ ሱብሒ ተነሥተው፣ በቀኑ ዙህርና ዐስር አልፈው፣ የምሽቱን መግሪብና ዒሻ ዞረው በሃያ አራተኛው ቀን ተመልሰው ሱብሒ ላይ ይገኛሉ።

ለማዳም ልትነግራት ሞክራ ነበር። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» ተባለች። እሷም ሥራዋን ያዘች፤ ሥራዋ ደግሞ ከማማ ጋር መዞር ነበር። ሲተኙ ትተኛለች፣ ሲነቁ ትነቃለች። የዕረፍት ቀኗ ደርሶ ኸይጣን የሚባለው ሰፈር ጓደኞቿ ጋ ስትሄድ፣ ጨዋታው ሲደምቅ እሷ ጥግ ላይ ተጠቅልላ ታንቀላፋለች። ኑርሀንም ለምዳዋለች። ደብተሯ ጀርባ ላይ የራሷን ሰንጠረዥ ሠርታ «እማ፣ ነገ ሰባት ሰዓት ነው የምትነቂው፣ አይደል?» ትላለች። ልጅ የእናቷን መንቂያ ደብተር ላይ ማስላቷ ኸይሪያን አንዳንዴ ያስቃታል፣ አንዳንዴ ደግሞ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ያስለቅሳታል።

ማማ ሉልዋ በቀን ሃያ ጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «ስንት ሰዓት ነው?» ይላሉ። ዓይን ለሌለው ሰው ሰዓት መዋሸት ደግሞ ቀላል ነው። ማዳም ኑራ እናቷ እንዲተኙላት ስትፈልግ «ሌሊት ነው» ትላለች፤ እንዲነሡላት ስትፈልግ «ነግቷል» ትላለች። ክፋት የለባትም፣ ደክሟት ነው። ቁልፉን ሲጫኑት በዐረብኛ ሰዓት የሚናገር የእጅ ሰዓት ነበራቸው፤ ሌሊት ሌሊት እየተጫኑ ቤቱን ሲቀሰቅሱ እሱንም ወስዳ ደበቀችባቸው። ሳትዋሽ የምትመልስላቸው ኸይሪያ ብቻ ነበረች። ማማም ይህን ያውቁ ነበርና በልጃቸው ፊት «በዚህ ቤት ሰዓት ያላት ኸይሪያ ናት» ብለው ያውቃሉ።

እና ይህችው ኸይሪያ ዋሸች።

ዕለቱ አርብ ነበር። ሐሙስ ማታ ቤቱ በእንግዳ ስለተጥለቀለቀ፣ ማማ ተኝተው ሳለ እሷም መተኛት ሲገባት ሳሕን ስታጥብ አነጋች። ጎኗን ካሳረፈች ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ማማ ነቁ።

«ኸይሪያ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

መጋረጃው ተዘግቷል፣ ኤሲው ያጉረመርማል። ኸይሪያ ዓይኗን ሳትገልጥ «ገና ሌሊት ነው ማማ፣ ስምንት ሰዓት። ይተኙ» አለች። ማማም ተመልሰው ጋደም አሉ። ኸይሪያ ካለች ሌሊት ነው።

ስትነቃ ማማ የሶላት ልብሳቸውን ለብሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ናቸው። አዛን ተሰምቶ ነበር። በሱብሒ አዛን ውስጥ ሶላት ከእንቅልፍ እንደሚበልጥ የሚናገር ቃል አለ፤ በሌሎቹ የለም። ሌሊት መስሏቸው የተኙት ማማ ጆሯቸውን ጥለው ያን ቃል ጠበቁ፤ ቃሉ አልመጣም። የቀትር አዛን ነበር።

«ጁምዓ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ወዲያ ሰዓት መጠየቅ ተዉ። በቀን ሃያ ጊዜ ሲያሰለቻት የኖረው ጥያቄ ሲቀር ቤቱ ጭር አለባት። «ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» አለቻት አበበችን። «ለማዳም ቢከሱኝም ይሻለኝ ነበር። ዝም አሉኝ።»

እሑድ ዕለት ጓዳውን ስታተራምስ ያን ተናጋሪ ሰዓት ከአሮጌ ቻርጀሮች ሥር አገኘችው። ባቃላ ከሚሉት ትንሽ ሱቅ ባትሪ ገዝታ ከተተችለትና ማማ እጅ ላይ አሰረችው። «ከእንግዲህ እኔን መጠየቅ የለብዎትም» አለች። «ዋሽቼዎታለሁ ማማ። አውፍ ይበሉኝ።» ማማ ቁልፉን ተጫኑ። ሰዓቱ ተናገረ። ማማም ደግመው ተጫኑት።

ማክሰኞ ማዳም ኑራ ከሐኪም የእንቅልፍ ክኒን ይዛ መጣች። ኸይሪያ ፓኮውን ስታይ አወቀችው። ባለፈው ዓመት ለሁለት ቀን ተሰጥቷቸው ማማ ብርጭቆ መያዝ አቅቷቸው ነበር፤ መታጠቢያ ቤትም ወድቀዋል። አሁን ግን ሊዘወተር ነው። የሚወሰነው በመጪው አርብ ምሳ፣ ዚዋራ በሚሉት የቤተሰብ መሰባሰቢያ ላይ ነበር። የማዳም ታላቅ ወንድም ፈሪድ እናቱን አይቶ እሺ ካለ ማማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊደነዝዙ ነው።

ኸይሪያ ካላንደሩን ቆጠረች። አርብ ምሳ ሰዓት ማማ የሚሆኑት ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ነው። ቀስቅሰው ያናግሯቸዋል፤ እሳቸውም ይዘባርቃሉ፤ ነገሩም ያልቃል። ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አደረች፤ እርግጥ ያን ሰሞን ሌሊቱ የእሷ ቀን ነበር። ረቡዕ ካላንደሩን ከግድግዳው ነቅላ ማዳም ፊት ቆመች።

«ማዳም፣ የአርቡን ዚዋራ ከምሳ ወደ ማታ ያዙሩት።»

«ምን አልሽ?»

«ማማ መግሪብ ሊደርስ ሲል ነው የሚነቁት። እዚህ ተጽፏል፣ ይዩት።»

ማዳም ኑራ ካላንደሩን ተቀብላ አየችው። «ባለፈው አርብ ላይ አራት ብለሽ ጽፈሻል። ከሱብሒ በፊት በአራት ሰዓት እኔ ራሴ አይቻታለሁ፤ ተኝታለች።»

«የእኛ አራት የእናንተ አሥር ነው ማዳም። እኛ አገር የሚቆጠረው ፀሐይ ከምትወጣበት ጀምሮ ነው።»

«ሰዓታችሁም ሌላ ነው?»

«ሰዓቱስ ያው ነው። መነሻው ነው የሚለየው። ማማም እንደዚያው ናቸው። ለእሳቸው በየቀኑ መነሻው ይሸሻል እንጂ አእምሯቸው ጤነኛ ነው። ካላመኑኝ ነገ ዐስር ከተሰገደ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ይምጡ።»

ማዳም ኑራ ሐሙስ ሌባ እንደሚጠብቅ ሰው አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የዐስር አዛን አለፈ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ኸይሪያ በሩ ጋ ቆማ በልቧ ዱዓ ታደርጋለች፤ እንቅልፍ በሰው እጅ አይደለምና ፈርታለች። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ማማ ተንቀሳቀሱ፣ እጃቸውን አነሡና ሰዓታቸውን ተጫኑ።

«ኑራ» አሉ፣ «ሽቶሽ ሸቶኛል። ሰው ተኝቶ እያለ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ማዳም ኑራ ካላንደሩን አየች፤ በእናቷ እጅ ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ከዚያ አለቀሰች። ስድስት ዓመት ሙሉ ለእናቷ ሌሊቱን ቀን፣ ቀኑን ሌሊት እያለች መኖሯ ያኔ ገባት። ሰዓቱን ማን ከጓዳ እንዳወጣው አልጠየቀችም።

ዚዋራው አርብ ማታ ሆነ። ልጆችና የልጅ ልጆች እራት ሲበሉ ማማ ሉልዋ በመካከላቸው ተቀምጠው እንቁላልና ሻይ ይዘዋል፤ ለእሳቸው ጠዋት ነው። የገባውን ሁሉ በእርምጃው እየለዩ በስሙ ጠሩት። ፈሪድን ደግሞ «ቀኝ እግርህን ትጎትታለህ፣ ሐኪም ጋ ሂድ» አሉት። የጉልበቱን ሕመም ከሚስቱ እንኳ ደብቆ የነበረው ፈሪድ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ካላንደሩን አምጡልኝ አለ፤ ስልኩንም ብዙ ሲያገላብጥ ቆይቶ ጮክ ብሎ አነበበ። የሰው አካል ሰዓቱን የሚሞላው በብርሃን ነው፣ ብርሃን ለማይደርሰው ዓይነ ስውር በየቀኑ እየሸሸ ሊሄድ ይችላል ይላል። «ኸይሪያ፣ ይህን ሁሉ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አላት። ማዳም ኑራ ክኒኑን ወደ ሐኪሙ ልትመልሰው ከካላንደሩ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማማ በተኙበት ሰዓት ኸይሪያን ማንም ለሳሕን እንዳይቀሰቅሳት ለቤተሰቡ ሁሉ ተናገረች።

እንግዳው ሲሸኝ ኸይሪያ የእራቱን ሱፍራ ማንሣት ጀመረች። ማማ ሉልዋ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ እጆቻቸው እንደዚያን አርብ ጉልበታቸው ላይ ሆነዋል። ሰዓታቸው ታስሯል።

«ኸይሪያ።»

«አቤት ማማ።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

ኸይሪያ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ስልኳን አወጣች። አየችው፣ ደግማም አየችው።

«ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው ማማ። ማታ ነው።»

«እሺ» አሉ ማማ ሉልዋ። ሰዓታቸውን አልነኩም።