ለእማማ እግር የተለካች መኪና

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ የሚያውቃት «ሜትሬ» በሚል ስም ነው። እናትና አባቷ ስም ሳያወጡላት ቀርተው አይደለም፤ መለኪያዋ ከአንገቷ ስለማይወርድ ነው። ዳቦ ልትገዛ ስትወጣም፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቅም፣ ያቺ ቢጫ ሜትር እንደ ሻርፕ ግራና ቀኝ ተንጠልጥላ ትታያለች። ታናሽ ወንድሟ መካኒኩ፣ «እቴቴ ሕልሟን እንኳ ሳትለካ አታልመውም» እያለ ይቀልድባታል።

ወጣት ሳለች የተማሪ ልብስ የሚሰፋ ድርጅት ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነበረች። የድርጅቱ ሾፌር ሥራውን ጥሎ ሲሄድ፣ መንዳት መማር የሚፈልግ ሰው ተጠየቀ። እጇን ያወጣችው እሷ ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት የተሰፋውን በፒክአፕ ለየትምህርት ቤቱ ስታደርስ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መቀሷን ይዛ ስትቆርጥ ኖረች። ድርጅቱ ሲዘጋ ሁለት የስፌት መኪና ገዛችና በእናቷ ግቢ፣ መንገድ ዳር ባለችው ክፍል የራሷን ሱቅ ከፈተች። በመካከሉ አግብታ ፈትታለች። ስለ ሰውየው የጠየቃት ሰው ካለ፣ «ልኬ አልነበረም» ብላ ጨርቋን ታጥፋለች።

እናትየው ዕድሜያቸውን የፈጁት በትምህርት ቤት በር ጠባቂነት ነው። ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመናቸው፣ ዛሬም ሰፈሩ «እማማ ዘበኛ» ይላቸዋል። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ያላስገባ ተማሪ በሳቸው በር አልፎ አያውቅም። ዛሬ ልጆች የወለዱ ወንዶች እንኳ እሳቸውን ከሩቅ ሲያዩ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ቀበቷቸው ይሄዳል።

አሁን ግን የልብ ሕመም አለባቸው፤ እግራቸውም ያብጣል፤ ቀኝ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏል። ሐኪሙ ክትትሉን እንዳያቋርጡ አጥብቆ ነግሯቸዋል። ችግሩ መንገዱ ነው። ክረምቱ ዳገቱን ቦርቡሮት ከሄደ ወዲህ ታክሲ ከታች ዳቦ ቤቱ ጋ ቆሞ ይመለሳል። ባለፈው ቀጠሮ አራት የሰፈር ወንዶች እማማን በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመው አወረዷቸው። ቁልቁለቱ ላይ አንደኛው አዳለጠውና ወንበሩ አዘነበለ። የእማማ ቀሚስ እስከ ጉልበታቸው ተሰበሰበ፤ ይህን ሁሉ ለዳቦ የተሰለፈው ሰው አየ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ደንግጦ ቀሚሳቸውን ወደ ታች ጎተተላቸው።

እማማ የተናገሩት ከሐኪም ተመልሰው ቤት ከገቡ በኋላ ነው።

«ሸሚዝህን አስገባ እያልኩ ያሳደግሁት ልጅ ቀሚሴን ይሰብስብልኝ? ከእንግዲህ በሰው ትከሻ የምወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ደግሞ ማን እንዳየኝ አላውቅም።»

የሚቀጥለው ቀጠሮ ሲደርስ አልሄዱም። ሜትሬ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። እግራቸው ግን በየቀኑ ያብጥ ነበር። ሜትሬ ካልሲያቸውን ስታወልቅ ላስቲኩ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ይቀራል፤ አውራ ጣቷን ታሳርፍበትና እስኪሞላ ትጠብቃለች፤ ዛሬ ከትናንት ይልቅ ይዘገያል።

ይህ ነው መኪና ያስገዛት። ሁለተኛዋን የስፌት መኪና ሸጠች፤ ሱቋን ልታሰፋበት ያስቀመጠችውን ጨመረችበት፤ ወንድሟም የአቅሙን አዋጣ። ያም ሆኖ የተጠራቀመው ብር አዲስ መኪና ይቅርና አዲስ የምትመስል እንኳ አይገዛም ነበር።

«መኪና ሸጠሽ መኪና ልትገዢ?» አሏት እማማ። «የሸጥሻት እኮ ናፍጣ አትጠጣም ነበር።»

መካኒኩ የራሱን ሐሳብ ተናገረ። «ናፍጣ ትሁን፤ ዳገት ላይ ጉልበት አላት፤ ለኪስም ትቀላለች። አራቱም ጎማ የሚጎትት መሆን አለበት፤ ያለዚያ እኛ ሰፈር ጭቃ ላይ እንደ ዶሮ ስትጭር ትውላለች። መልኳን ተዪው። መልክ የምትፈልጊ ከሆነ ፎቶ ግዢ።»

ሜትሬም የራሷን አዘጋጀች። እማማን ግድግዳ አስይዛ አቆመቻቸውና የታጠፈ ጨርቅ እያነባበረች እግራቸውን አስነሳቻቸው። ጉልበታቸው እሺ ብሎ የደረሰበትን ከፍታ በሜትሯ ለካችና እዚያው ቁጥር ላይ መርፌ ቁልፍ ሰካች። «ይሄን ያለፈች መኪና የኛ አይደለችም» አለች ለራሷ።

ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት ግቢ ወዳለው አንድ ደላላ ሄዱ። ደላላው ስለ የትኛዋም መኪና ቢጠየቅ መልሱ አንድ ስለሆነ ቅጽል ስሙ «ምንም አትልም» ነው። መጀመሪያ ያሳያቸው አንዲት ነጭ፣ እንደ መስታወት የምታብለጨልጭ መኪና ነበረች።

«ይቺ ምንም አትልም! የዶክተር መኪና ናት። ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት።»

መካኒኩ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። «ሞቃለች። ከመምጣታችን በፊት አስነስተሃታል።»

«ትንሽ አሟሙቄያት ነው፤ ለጤናዋ።»

«ናፍጣ ሞተር በሽታውን የሚናገረው ሲቀዘቅዝ ነው። አንተ አፉን አስይዘህ ነው ያቀረብክልን።» ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አወጣና በሩ ላይ ለጠፈው። ማግኔቱ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ሌላ ቦታ ሞከረ፤ አሁንም ወደቀ። «ይሄ ስቱኮ ነው ወንድሜ። በር ነው ወይስ ግድግዳ?»

ሁለተኛዋ የመንገድ ሥራ ድርጅት የነበረች ናት። ሞተሯ በረዶ ነው፤ ቁልፉ ሲዞር ግን ወዲያው ተነሳች። ጥቂት ጭስ ተፋችና ጠራች። መካኒኩ ሥሯ ገብቶ ሻንሲዋን አየ፣ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ አሸተተ፣ ፊቱ በራ። ቀና ሲል እህቱ በሩ ሥር ቁጢጥ ብላ ከመሬት እስከ መርገጫው ትለካለች።

ደላላው ሳቁ መጣ። «እትዬ፣ ምን ሊሰፉላት ነው? ሱሪ ነው ቀሚስ?»

«ጉርድ ነው» አለች ቀና ሳትል። «የዝገቷን ቀዳዳ የሚሸፍን።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አትሆንም።»

«ምኗ ነው የማይሆነው?»

«ልኳ። መርፌ ቁልፉን በአንድ ስንዝር አለፈችው።»

«እቴቴ፣ እኔ ሞተር ሳሳይሽ አንቺ ደረጃ ትለኪያለሽ?»

«ሞተሩ ዳገቱን ይወጣ ይሆናል። መኪናዋ ላይ የምትወጣው ግን እማዬ ናት። የማን እግር እንደሆነ ረሳኸው?»

መካኒኩ ያቺን ሞተር ዞሮ ዞሮ እያያት፣ ያጫትን ልጅ እንደተከለከለ ሰው ሆኖ ተከተላት።

ሦስተኛዋ ግቢው ጥግ ቆማለች። ቀለሟ ድሮ አረንጓዴ የነበረ ይመስላል። የዱቄት ነጋዴ መኪና ነበረች፤ በየስንጥቁ ዱቄት ገብቶ ጠንክሯል። ደላላው እንኳ «ምንም አትልም» ያለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። የኋላ ወንበሯ ሥር እጅ የሚያስገባ የዝገት ቀዳዳ አለ። ቀዝቅዛ ስትነሳ ትንሽ ታስላለች፤ ከዚያ ግን ድምጿ ይስተካከላል። መካኒኩ ከግቢው ጀርባ ያለ የአሸዋ ክምር ላይ ወሰዳትና ለዳገት የምትሆነውን አጭሯን ማርሽ ስቦ ሞከራት። አራቱም ጎማ ነክሶ፣ ቀስ ብላ፣ ሳትጣደፍ ወጣች።

ሜትሬ ለካች። መርገጫው ልክ መርፌ ቁልፉ ላይ አረፈ።

«ይቺ ናት» አለች።

መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ ጮኸ። «ባሌስትራዋ፣ ይሄ የሚሸከማት የሞላ ብረት፣ ደክሟል! ዱቄት ተሸክማ ተሸክማ ወገቧ ወድቋል!»

እህቱ ይህን ዋጋ ለማስቀነስ የተባለ መሰላትና፣ «ሰማህ? ወገቧ ወድቋል» ብላ ደላላው ላይ ዞረች። ዋጋውም በእውነት ወረደ። ተፈራረሙ። መካኒኩ ፍሬኗንና ዘይቷን ሊያይ ወደ ጋራዡ ወሰዳት፤ በቀጣዩ የሐኪም ቀጠሮ ቀን ጠዋትም ይዟት እንደሚመጣ ተስማሙ።

በዚያ ጠዋት እማማ ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላ ጫማቸውን በካልሲ አድርገው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። በረንዳው ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ቤቱ ሲሠራ ጎርፍ ተፈርቶ ነበር። ሜትሬ ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ያስታውቃል፤ መቀመጫው ላይ የሚነጠፍ ጨርቅ ስትሰፋ ነው ያነጋችው። መኪናዋ ዳገቱን እያጓራች ወጥታ ከግቢው በር ውጪ ስትቆም ሰፈሩ ተሰበሰበ። እነዚያ አራት ተሸካሚዎችም መጡ።

እማማ ግድግዳውን እየያዙ፣ አንድ እግራቸውን ከሌላው እያገጣጠሙ፣ የበረንዳውን ደረጃ ወረዱ። መውረዱ ለሳቸው ከመውጣት ይሻላል። ግቢውን አቋርጠው መኪናዋ ጋ ደረሱ። የበሩን እጀታ ያዙና ቀኝ እግራቸውን አነሱ። ጫማቸው የመርገጫውን ጠርዝ ነክቶ ተመለሰ። ደገሙት። ተመለሰ።

ሜትሬ ቁጢጥ ብላ ሜትሯን ዘረጋች። መርፌ ቁልፉ ከመርገጫው በታች አራት ጣት ያህል ወርዶ ነበር።

«ምን አደረግሃት?» አለች ቀስ ብላ።

«ምን አደረግኋት? ባሌስትራዋን አደስኩልሽ እንጂ!» አለ ወንድሟ በኩራት። «ስጦታዬ ነው። አታያትም እንዴት ቀና እንዳለች?» ከዚያ የእህቱን ፊት አየ። ሜትሩን አየ። «ወገቧ ወድቋል ብዬሽ ነበር እኮ፤ አንቺ ዋጋ አስቀነስሽበት።»

«ወገቧ ወድቋል አልክ እንጂ፣ ወገቧ ሲነሳ ደረጃዋም ይነሳል መቼ አልከኝ?»

አንዱ ሳጥን አምጥቶ አስቀመጠ። እማማ አንድ እግራቸውን አሳርፈው ሳጥኑ ሲወላወል ተውት። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ያ ቀሚስ የጎተተው፣ ወደ ፊት ቀረብ አለ።

«እማማ፣ አንዴ ብቻ ብድግ እናድርግዎት?»

እማማ አላዩትም። እግራቸውን ሰብስበው ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዞሩ፤ ሜትሬ ክንዳቸውን ይዛ በሦስቱ ደረጃ እየደገፈች በስንት ጣር ወደ በረንዳው መለሰቻቸው። ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ትንፋሻቸው ያፏጫል። ሜትሬ ሥራቸው ተንበርክካ ሜትሯን ከአንገቷ አወጣችና ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ሰው ሁሉ ይህን አየ፤ ማንም አልሳቀም።

እማማ ትንፋሻቸው እስኪመለስ መኪናዋን ከላይ ወደ ታች ሲያዩ ቆዩ።

«ያቺ መኪና» አሉ በመጨረሻ፣ «ጭቃ ትወጣለች፣ ገደል ትወጣለች ስትሉ አልነበር?»

«አዎ እማዬ።»

«ታዲያ እኔን ምን አስወረደኝ? እኔ ወደሷ ከምሄድ እሷ ወደኔ አትመጣም? ሐኪም ቤቱም እኮ ከፍ ያለ በረንዳ አለው።»

ሜትሬ ቀና ብላ ግቢውን አየች። ከበሩ እስከ በረንዳው ጎን ያለው መሬት ዳገት ነው፤ ጎርፍ ቦይ ቦይ አድርጎታል፤ ውሃ የሚያመላልሰው ጋሪ እንኳ እዚያ ተቀርቅሮ ያውቃል። ተነሥታ ሄደች። ወንድሟን ከመሪው አስወረደችውና እሷ ተቀመጠች። ሁለቱን የቆርቆሮ በሮች አስከፈተች፤ አጭሯን ማርሽ ሳበች።

እማማ በረንዳው ላይ ቆሙ። አንድ እጃቸው ምሰሶውን ይዟል፤ ሌላው በተማሪ ሰልፍ ዘመን እንደነበረው ተዘረጋ።

«ነይ... ነይ... ግራውን ጠብቂ፣ ግራውን! አንተ፣ ከመንገዱ ዞር በል! ነይ... ተጠጊ፣ አትፍሪ... ቁሚ!»

መኪናዋ የፊት ጎማዋን ቦዩ ውስጥ ከተተች፣ አጓራች፣ ጭቃ ወደ ኋላ ወረወረች፤ ከዚያ ሳትቸኩል ወጣችና በረንዳውን ታክካ ቆመች። መካኒኩ በሩን ከፈተ። የመኪናዋ ወለል ከበረንዳው ጠርዝ ከፍ ያለው ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም። ሜትሬ ዞራ መጥታ፣ ያነጋችበትን የመቀመጫ ጨርቅ አራት አጥፋ ጠርዙ ላይ አነጠፈችው።

እማማ ከክፍል ወደ ክፍል እንደሚያልፍ ሰው ገቡ። ማንም አልነካቸውም። ቀሚሳቸውን ራሳቸው ሰበሰቡ።

«እንግዲህ አየሽ» አለ መካኒኩ፣ «ባሌስትራውን ባላድሰው ኖሮ ከበረንዳው በታች...»

«ዝም በል አንተ» አለችው እህቱ፤ ግን ትከሻውን ቸብ አድርጋው ነው ያለፈችው።

ቁልቁለቱን በቀስታ ወረዱ። ዳቦ ቤቱ ጋ እንደ ወትሮው ሰልፍ አለ። ያ ቀሚስ የጎተተው ሰውዬ በአቋራጭ ሮጦ ቀድሟቸው ኖሮ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እያለከለከ ቆሟል። እማማ በመዳፋቸው የልጃቸውን ክንድ መታ አደረጉ። ሜትሬ አቆመች። እማማ መስኮቱን እስከ ታች አወረዱና ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ሸሚዝህን አስገባ» አሉት።

ሰውየው የሦስት ልጆች አባት ነው። ዳቦ በተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊት ሸሚዙን አስገባ፤ ቀበቶውንም አጠበቀ። እማማ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አሳለፉት፤ መስኮቱን ዘጉ፤ ከዚያም «በይ ሂጂ እንግዲህ፣ የሐኪም ቤቱ ወረፋ ሳይረዝም» አሏት።