ከጃዕፈር ጎን የተቀመጡት ሲስተር

ከጭሮ ወደ መሰላ የሚሄደው ሚኒባስ ሊሞላ ሲል አንዲት አሮጊት የካቶሊክ መነኩሲት ገቡና ከጫት ነጋዴው ከጃዕፈር ጎን ተቀመጡ። ግራጫ ቀሚሳቸው ተተኩሶ ቀጥ ብሏል፤ እጅጌው ላይ ግን ታጥቦ ያልለቀቀ ጠመኔ አለ። ያደረጉት ጥቁር የወንድ ጫማ ነው። ስንት የገጠር ትምህርት ቤት እንዳስተማሩ ለመገመት የጫማውን ተረከዝ ማየት ይበቃል።

መኪናው እንደተነሳ ሲስተር ዞር ብለው ተሳፋሪውን በጣታቸው ቆጠሩ። ቀሪ እንደሌለ ሲያረጋግጡ ዓይናቸውን በተወጠረው የጃዕፈር ጉንጭ ላይ ተከሉ።

«አፍህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ገበያ ላይ ማንም የማይደፍረው ጃዕፈር ዋጥ አደረገው። ከኋላ የተቀመጡ ሦስት ሰዎችም ሳይጠየቁ ዋጡ።

«ያንንም አምጣ።»

ለራሱ ብሎ የመረጣትን እስር ጫት በሁለት እጁ አስረከበ። ሲስተር ቦርሳቸውን ከፍተው ከጠመኔው ፓኮ አጠገብ ከተቷት። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሙሉ ጮክ ብሎ ያወራ የለም። ሾፌሩ እንኳ ዘፈኑን ቀነሰ።

መሰላ መግቢያ ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ሲስተር ሲወርዱ ተሳፋሪው በሙሉ ብድግ አለና ጭንቅላቱን ከጣሪያው ጋር አላተመ።

«ተቀመጡ» አሉ፣ ዞር ሳይሉ።

ጃዕፈር በመስኮት አንገቱን አወጣ። «ሲስተር፣ ጫቴስ?»

«ወላጅ ይዘህ ና።»

በሩን አልፈው እስኪገቡ ጠበቀና እናቱ ጋ ደወለ።

«አዮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነገ ጠዋት ሥራ አለሽ እንዴ?»