ሻሼን የፈታሁበት ጠዋት

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ! ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። መጋቢያችን «ጫልቱ፣ አደራሽን ምስክርነቱን አሳጥሪው» ብለውኛል፤ እሞክራለሁ። ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ከዚህ ቤት ብወጣ ደስ አይለኝም። ስሙ ይባረክ!

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ዳር ያለችው የሴቶች ፀጉር ቤት የኔ ናት። ድሮ ጌታን እጠላው ነበር ማለት አልችልም፤ ብቻ ለሱ ጊዜ አልነበረኝም። እናንተ እሑድ ስትዘምሩ እኔ ሙሽራ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አስቀምጬ የሌላዋን ፀጉር በቢጎዲን እጠቀልላለሁ። የራሴ ፀጉር ደግሞ ወገቤ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ደንበኛ ስትመጣ «እንዳንቺ አድርጊልኝ» ነው የምትለው። ማስታወቂያ አላስፈለገኝም፤ ጀርባዬን ማዞር ይበቃኝ ነበር።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ረብሻ መጣ። እናንተም አላችሁበት፣ ምን እነግራችኋለሁ። «መሬታችን ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው» ተባለ፣ ወጣቱ ወጣ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ጥይት ተተኮሰ። ባለቤቴ ገመቹ ያኔ ሚኒባስ ነበር የሚነዳው። አንድ ቀን ሰው ጭኖ ወደ ሱሉልታ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። በማግስቱ ጓደኛው ደወለልኝ። «መኪናው መንገድ ዳር ቆሟል፣ መስታወቱ ተሰባብሯል። ገመቹ ግን የለም» አለኝ። ሆስፒታል ፈለግን፣ የለም። ሰው የታሰረበትን ቦታ ሁሉ ጠየቅን፣ «እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም» አሉን።

እንዲህ ስንፈልገው ነው ፀጉሬ ከማበጠሪያው ጋር መምጣት የጀመረው። ፀጉር ሠሪ ነኝ ወገኖች! የሚነቃቀል ፀጉር አውቃለሁ። ይሄ ግን ሌላ ነበር። መስታወት ሳይ ከጆሮዬ በላይ ክብ ሆኖ ልሙጥ ያለ ቦታ አገኘሁ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። አንዷ «ሽንኩርት ጨምቀሽ ተቀቢ» አለችኝ፤ ተቀባሁ፣ ትርፉ እንባ ሆነ። ሌላዋ «የሰው ዓይን ነው» አለች። ደንበኞቼ «ይተላለፍ ይሆን?» ብለው ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ፤ አንድ በአንድ ቀሩ። ቅንድቤ ሳይቀር ረገፈ። መጨረሻ ላይ የተረፈውን ራሴው ላጨሁትና ሻሽ አሰርኩ።

መንገዱ ትንሽ ሲከፈት አዲስ አበባ አንዲት የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ራሴን አገላብጣ አየችና «ይሄ ላሽ ነው» አለችኝ።

«ይተላለፋል? ልጅ አለኝ።»

«በፍጹም። ከልጅሽ ጋር አንድ ትራስ ላይ መተኛት ትችያለሽ።»

«ደጋግሜ ብላጨው ወፍሮ ይወጣል ይሉኛል።»

«መላጨት ሥሩን አይለውጠውም። የገዛ ሰውነትሽ መከላከያ ነው የፀጉርሽን ሥር እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚመታው።»

«ቱርክ ሄደው የሚያስተክሉትስ?»

«እሱ ለሌላ ዓይነት መመለጥ ነው፤ ላንቺ አልመክርሽም። መርፌና ቅባት እንሞክራለን።»

«ጭንቀት ነው ያመጣብኝ?»

«ጭንቀት ሊያባብሰው ይችላል። ጥፋቱ ግን ያንቺ አይደለም።»

«ይመለሳል ዶክተር?»

«የብዙ ሰው ይመለሳል። የአንዳንዱ አይመለስም። ተመልሶ የሚረግፍም አለ። ቃል ልገባልሽ አልችልም» አለችኝ። ጌታ ይባርካት፣ አልዋሸችኝም። የዚያን ቀን ግን እያለቀስኩ ነው የወጣሁት።

ቤት ብቻዬን መቀመጥ ሲያቅተኝ ልጄን ይዤ ቡራዩ አማቴ ጋ ሄድኩ። አዴ ሎሚን የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ፤ የቆዩ አማኝ ናቸው። የጠፋው የሳቸውም ልጅ ነው። ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ሴቶች እሳቸው ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ። «አንቺም ግቢ» አሉኝ። «እኔ ምን ብዬ እጸልያለሁ?» አልኳቸው። «ምንም አትበይ። አብረሽን ቁጭ በይ» አሉኝ። እኔ ግን አልገባም፤ ግቢው ውስጥ ነው የምቀመጠው።

አንድ ጠዋት እዚያው ግቢ ሻሼን ፈትቼ ቅባቴን እየተቀባሁ ሳለ የግቢው በር ተከፈተ። ለጸሎት የመጡ አንዲት እናት ናቸው፤ አዴ ወርቄ ይባላሉ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ራሳቸውን ተላጭተዋል። ልጃቸው በረብሻው መንገድ ላይ በጥይት ተመትቶ ገና መቅበራቸው ነበር። እኔን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ መጥተው ራሴን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ኢንተለኮ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «አንቺም ቀበርሽ? የማንን ነው የቀበርሽው?»

ወገኖቼ፣ ለሐዘን የተላጨሁ መስሏቸዋል! «አልቀበርኩም እናቴ» አልኳቸው። «ባሌ ጠፍቶብኝ ነው። ፀጉሬ በበሽታ ነው የረገፈው።»

ያፍራሉ፣ ወይም ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ምን አሉ መሰላችሁ? «እንኳን አልቀበርሽ! ተመስገን! ተመስገን!» ብለው እልል አሉ! ልጃቸውን በቀበሩ በሳምንቱ ለኔ እልል አሉ! ከዚያ አጠገቤ መሬት ላይ ተንበርክከው፣ «ጌታ ሆይ፣ የኔ ልጅ አንተ ጋ ነው። የዚህችን ልጅ ባል ግን ለሷ መልስላት» ብለው ጸለዩ። እጃቸው ራሴን አልለቀቀም።

ሃሌሉያ! እኔ ስብከት ብዙ ሰምቻለሁ፤ ድምፅ ማጉያው እስከ ፀጉር ቤቴ ይደርስ ነበር። ያን ጠዋት ግን የሰማሁት ሌላ ነው። «እኚህን ሴት የያዛቸው ማነው? እሱ እኔንም ይያዘኝ» አልኩ። ስለ ፀጉሬ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ሻሼን እዚያው ትቼ፣ መላጣ ራሴን ሳልሸፍን፣ የአዴ ወርቄን እጅ ይዤ ወደ ሴቶቹ ገባሁ። አዴ ሎሚ ሲያዩኝ ማልቀስ ጀመሩ። ጌታን የተቀበልኩት ያን ጠዋት ነው። ክብር ለስሙ ይሁን!

ገመቹ ወዲያው አልመጣም። እየጸለይን ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አንድ የከሳ፣ ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሰው ግቢው በር ላይ ቆመ። ከተሳፋሪዎቹ ጋር ተይዞ ሩቅ ቦታ ታስሮ ነበር። እኔ ሮጬ ልደርስ ስል ቅንድብ እንኳ እንደሌለኝ ትዝ አለኝና ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። እጄን አወረደው። አየኝ፣ አየኝና ጺሙን ይዞ፣ «ለካ እኔ ላይ የበቀለው ካንቺ ተወስዶ ነው!» አለኝ። ሳቅንም አለቀስንም። እናቱ እዚያው በር ላይ ቁጭ ብለው «ጎፍታ፣ ጎፍታ» ይሉ ነበር፤ ጌታዬ፣ ጌታዬ ማለታቸው ነው።

ፀጉሬስ? መርፌዬን አላቋረጥኩም። መጋቢም «እየጸለይሽ ሕክምናሽን ተከታተይ» ነው ያሉኝ። ቀስ እያለ እንደ ጫጩት ላባ ነጭ ሆኖ ወጣ። ደንግጬ ሐኪሟ ጋ ሮጥኩ። «ጥሩ ምልክት ነው፣ ብዙ ጊዜ ነጭ ሆኖ ነው የሚጀምረው» ብላ ሳቀች። ይኸው ጠቆረ፤ እዩት! ከጆሮዬ ጀርባ ግን አንድ ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። «ጸሎቱ ነው ያዳነሽ መርፌው?» ይሉኛል። ሐኪሟንም የሰጠኝ እሱ ነው እላቸዋለሁ። «ተመልሶ ቢረግፍስ?» ይሉኛል። ይርገፋ! እኔ ጌታን ያገኘሁት መላጣ ሆኜ ነው!

የኔ ባል ሲመለስ የአዴ ወርቄ ልጅ ለምን ቀረ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ግን አላውቅም። እሳቸውም እስካሁን ያለቅሳሉ፤ ስንገናኝ አብሬያቸው አለቅሳለሁ። የማውቀው እሳቸውን የያዘ እጅ እኔንም እንደያዘኝ ነው።

አሁን ፀጉር ቤቴ ውስጥ በመጋረጃ የከለልኳት ጥግ አለች። ራሳቸውን ለሰው ማሳየት የሚያፍሩ እህቶች እዚያ ይመጣሉ። መጀመሪያ ሐኪም ጋ እልካቸዋለሁ፤ «በሳምንት አበቅላለሁ» የሚል ዘይት የሚሸጥ ሰው እንዳያታልላቸውም እነግራቸዋለሁ። ከፈለጉ እጄን ራሳቸው ላይ ጭኜ እጸልይላቸዋለሁ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ በዚህ ጉባኤ የጠፋበትን የሚፈልግ ሰው ይኖራል፤ ሐኪም ቃል ያልገባለት ሰው ይኖራል። መጸለይ ባትችሉ እንኳ ኑና አብራችሁን ቁጭ በሉ። በእሱ ታመኑ፤ እኔን እንዳለሁ ነው የተቀበለኝ፣ እናንተንም ይቀበላል። ጌታ ይባርካችሁ!