ለቁንጫ የተናዘዘች ጎጆ

ሙሉ የምትባለው ልጄ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች። ተመራቂዎቹ ታናናሾቻቸውን የሚሰናበቱበት ዝግጅት አለ ተብሎ የፍኖተ ሰላም ወላጅ ሁሉ ተጠራ። እኔም ከሠርጌ ወዲህ ያልለበስኩትን ኮት አውጥቼ፣ ትንፋሼን ውጬ ቆልፌው ሄድኩ። ሙሉ መድረክ ላይ ወጥታ "ይህ ኑዛዜያችን ነው" ብላ ጀመረች። የሚያፈሰውን ጣራ ለአሥራ አንደኛ ክፍል፣ የሒሳብ አስተማሪውን ሳል ለአሥረኛ ክፍል፣ ባለ ሦስት እግሩን የኋላ ወንበር ደግሞ "ከእኔ የባሰ እንቅልፋም ከተገኘ" ብላ ለዘጠነኛ ክፍል አወረሰች። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሳቃቸውን ለማፈን ነጠላቸውን ነከሱ። እኔ የነከስኩት ጥርሴን ነው።

"ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?" አሉኝ ሴትዮዋ። በለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ያስቃል ተብዬ የምታማ ሰው ነኝ፤ ቢገርማቸው አይፈረድባቸውም። ግን የስንብት ቀልድ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከጣልያን ዘመን ጀምሮ ሲፈላ ኖሯል፤ እስካሁን ተንኖ አለማለቁ ነው የሚደንቀኝ።

ልጅ እያለሁ በዚህ አገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢባል ሰው የሁለተኛ ሚስት ቤት ይመስለው ነበር። ፍኖተ ሰላምም ገና በዚህ ስሙ አይጠራም። ትምህርት ማለት የኔታ ናቸው፤ ደበሎ፣ አኮፋዳና የውሻ ዱላ ነው። እናቴ ጅጋ ገበያ ላይ ጨው እየቸረቸረች ነው ያሳደገችኝ። አፌን ከእርሷ ወረስኩ፣ ቁመቴን ከማን እንደወረስኩ አይታወቅም። "ይህ ልጅ ከሚለፈልፍ ይማር" ብላ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ደብር ወስዳ ለየኔታ ሰጠችኝ። እዚያ በገባሁ በሳምንቱ ተማሪው ስሜን ትቶ "ወፍጮ" ይለኝ ጀመር። እህል ቢገባ ባይገባ መፍጨቱን አያቆምም ለማለት ነው።

ትልልቆቹ ቅኔ ሲቆጥሩ እኔ ገና ዳዊት ላይ ነበርኩ። ከሁሉም የምወደው አያ ደምለው ነው፤ ቁመቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት "እንደምን አደርክ" የሚል። እንጨት እለቅምለታለሁ፣ ልብሱን በእንዶድ አጥብለታለሁ፤ እርሱ ደግሞ ዳዊት ያስጠናኛል፤ ከሁሉ በላይ ግን ከውሻ ያድነኛል። ቁራሽ ለመለመን መንደር ስንወርድ ከጀርባው ተለጥፌ ነው "በእንተ ስማ ለማርያም" የምለው። ውሻ የሚባል ፍጥረት እፈራለሁ። በተለይ የእትዬ ጥሩ ውሻ ማንአለብኝ ጥጃ የሚያክል ነበር። ጥጃ እንኳ አይደለም፣ ወይፈን ነው። አያ ደምለው በዱላው መሬቱን አንድ ጊዜ መታ ሲያደርግ ያ ወይፈን ጭራውን ቆልፎ ይመለሳል።

የተማሪ ጎጆ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። የእኔይቱ ውጭ ሲያባራ ውስጥ የምትዘንብ ነበረች። በዚያ ላይ አብሮኝ የሚተኛው ልጅ ሲያንኮራፋ የቀረው ሣር ይረግፋል። የአያ ደምለው ጎጆ ግን ክዳኗ ጠብ የማያደርግ፣ ግድግዳዋ በጭቃ የተለሰነ፣ ውስጧ መደብ ያላት፤ ጢስና የተቆላ ዳጉሳ የምትሸት። አንድ ቀን ይህች ጎጆ የእኔ ትሆናለች እያልኩ ነው ያን ሁሉ እንጨት የለቀምኩ።

በደብራችን ደግሞ ወግ አለ። ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ከየኔታ ምርቃት ሲቀበል፣ ከመሄዱ በፊት ዋንዛው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አኮፋዳውን እንደ ቆብ ደፍቶ ይቀመጥና ለታናናሾቹ ይናዘዛል። ጎጆውን፣ ዱላውን፣ የሚለምንበትን መንደር፣ የደበሎውን ቅማል ሳይቀር ያወርሳል። ሁሉም በቀልድ ነው የሚነገረው፤ የኔታ "አሜን" ካሉበት በኋላ ግን እንደ እውነተኛ ኑዛዜ ይጠበቃል፤ ማንም አያፈርሰውም። የወጉ ሌላው ሕግ አለመቆጣት ነው። በኑዛዜ የተሰደበ ይስቃል፤ የተቆጣ እንደሆነ ተማሪው "ውሃ! ውሃ!" ብሎ ይጮኽበታል፤ ሳምንት ሙሉ ለደብሩ ተማሪ ሁሉ ውሃ ይቀዳል።

በዚያ ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ አያ ደምለውና ሁለት ጓደኞቹ ተመረቁ። ሊበን አጠገብ ወዳለ የአቋቋም መምህር እንሄዳለን አሉ። በሰኔ! ወንዝ ሁሉ ሊሞላ ሲል የትኛው ተማሪ ነው አገር የሚለውጥ? ይህን ዛሬ ማንም ሞኝ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ግን ልቤ ጎጆዋ ላይ ስለነበረች ክረምቱ ክረምት መሆኑም ትዝ አላለኝ።

አያ ደምለው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ። ዱላውን ለአንዱ፣ ደበሎውን ለሌላው ሰጠ። እኔ ከፊት ተቀምጬ አንገቴን እንደ ሰጎን አስግጌያለሁ።

"ወፍጮ አለ?" አለ።

"አለሁ፣ አያ!"

"ለአንተማ ከሁሉ የሚበልጠውን ነው የማወርስህ። ከዛሬ ጀምሮ የእትዬ ጥሩ ደጅ የአንተ ነው፤ ከነማንአለብኝ።"

ሳቁ ቡሬ ድረስ ተሰምቷል። ቆዩ፣ ገና ነው አልኩ በልቤ፤ ጎጆዋ አልተነሳችም።

"ጎጆዬን ደግሞ" አለ አያ ደምለው፣ "ይህን ሁሉ ዘመን ደሜን እየመጠጡ አብረውኝ ለኖሩ ለቁንጫዎቼ ተናዝዣለሁ። የመጨረሻው ቁንጫ አርጅቶ ከዘራ ሳይዝ ከዚያች ጎጆ የገባ፣ እግሩን እንኳ ያስገባ፣ ኑዛዜዬን እንዳፈረሰ ይቆጠር።"

"አሜን" አሉ የኔታ። እርሳቸው ብቻ አልሳቁም።

እኔ ብድግ አልኩ። "እኔ ነኝ እንጨት የለቀምኩልህ! ቁንጫ ለቅሞልሃል እንዴ? ቁንጫ ልብስህን አጥቦልሃል?" ብዬ ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን እዚህ ብጽፈው አታሚው አይቀበለውም። ተማሪው ዋንዛው እስኪነቃነቅ "ውሃ! ውሃ!" አለ።

በማግስቱ ሦስቱ ሲሄዱ እኔ ከነገንቦዬ ምንጩ ላይ ነበርኩ። በዚያ አለፉ። አያ ደምለው ቆም ብሎ "አንተ ወፍጮ፣ ምነው ዝም አልክ? እህል አለቀብህ?" አለኝ። ጀርባዬን ሰጠሁት። ሳቀ። ሳቁ ቁልቁለቱን እየወረደ እየወረደ ሄዶ ጠፋ። ጀርባህን በመስጠትህ ተጸጽተህ ይሆናል የሚለኝ ሰው አለ። አልተጸጸትኩም! ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ የመጨረሻ ስንብት መሆኑን እርሱ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም።

ሐምሌ ገባ። የዚያ ዓመት ዝናብ የኖኅን ሰዎች ያስቀና ነበር። እኔ ማዕዘን ለማዕዘን ስሸሽ አድራለሁ፤ ወዲያ ማዶ ያች ደረቅ ጎጆ ባዶዋን ተቀምጣለች፤ ቁንጫዎቹ እንደ መኳንንት ተንፈላሰው ተኝተውባታል። የእትዬ ጥሩ ደጅም እንደተነገረኝ ጠበቀኝ። ኋላ ኋላ "ምናልባት ውሻውን ሲያወርሰኝ አንድ ምሥጢር ይኖረው ይሆን?" ብዬ ብዙ አሰላስያለሁ። ምንም ምሥጢር የለውም። ውሻው ነከሰኝ፤ በቃ። ጠባሳውን በክብር እንግዳ ፊት የማላሳየው ቦታው ስለማይፈቅድ ነው።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ቻል ቻል አድርጌ አቃተኝ። ኑዛዜው ገደል ይግባ ብዬ ሰሌኔን ጠቅልዬ፣ ደበሎዬን ተሸክሜ ወደ ጎጆዋ ገሰገስኩ። አንድ እግሬ ከደጃፉ ሳይገባ የኔታ ከየት መጡ ሳልል መጡ። በትምህርት እንጂ በሌላ መትተውኝ አያውቁም፤ በዚያን ቀን ግን አለንጋው ለዘጠኙም ትውልዴ ደረሰ። ሰሌኔን ከእጄ ነጥቀው ጭቃው ላይ ወረወሩት። "ሁለተኛ እዚህ ባይህ ለእናትህ ነው የምሰድህ!" አሉ። ለቁንጫ ብለው ሰው የሚመቱ መምህር ብዬ እያለቀስኩ ሄድኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከቡሬ ምሽግ ጣልያን ከነባንዳው መጣ። መኮንኑ በበቅሎ ላይ ሆኖ ጃንጥላ ተይዞለታል፤ የእኛን አገር ዝናብ እንኳ ንቆት። ባንዳው ተማሪውን በሙሉ ዋንዛው ሥር አሰለፈና የኔታን ፊት ለፊት አቆማቸው።

"የሸፈቱት ሦስቱ ተማሪዎችዎ የት ነበር የሚተኙት?" አለ።

የሸፈቱት! ሊበን፣ አቋቋም፣ መምህር፣ ሁሉም በአንድ ቃል ከጆሮዬ ተጠርጎ ወጣ። ጫካ ገብተዋል፤ አርበኛ ሆነዋል። የኔታ ጎጆዎቹን በጣታቸው አመለከቱ። ሁለቱ ተመራቂዎች በአንድ ጎጆ ይኖሩ ነበር፤ እርሷንም የሚሄዱ ቀን ራሳቸው አፍርሰው ማገዶ አድርገዋት ነበር። የአያ ደምለው ብቻ ቆማለች።

"አሁን ማን ይተኛባታል?"

"ቁንጫ" አሉ የኔታ።

ባንዳው በሰደፍ ደረታቸውን መታቸው። ጥምጥማቸው ጭቃው ላይ ወደቀ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው የሚመስሉኝ የኔታ ጎንበስ ብለው አንስተው፣ ከነጭቃው መልሰው ጠመጠሙትና "ግባና ጠይቃቸው" አሉት። ገባ። የሚፈልገው ሰሌን ነው፤ የሞቀ ምድጃ ነው፤ የልጅ ደበሎ ነው። የሽፍታ ጎጆ የወረሰ የሽፍታ ወሬ አቀባይ ነው ብለው እንደሚያምኑ ኋላ ሰማን። በሌላ ደብር እንዲህ ያገኙትን አንድ ተማሪ አስረው ወደ ምሽጉ ነድተውት ነበር፤ እናቱ እስከ ዛሬ መቃብሩን አታውቅም። ባንዳው የሸረሪት ድር ፊቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ እግሩን እያከከ ወጣ። ቁንጫዎቹ ውርሳቸውን ሳይጠብቁ አልቀሩም። ቤንዚን አርከፍክፈው ለኮሷት። ያች ጠብ የማትል ጎጆ በዚያ ሁሉ ዝናብ መካከል ነደደች። ከእኛ አንድም ሰው ሳይወስዱ ሄዱ።

ጢሱ ገና ሳይጠፋ የኔታ ጠሩኝ። አለንጋው ያረፈበትን ትከሻዬን ዳበሱና "ደምለው ለአንተ ሊሰጥህ ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልሁት" አሉ።

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ብንነግርህ ጅጋ ገበያ ድረስ ትፈጨው አልነበር?"

እውነታቸውን ነው፤ እፈጨው ነበር። ይኸው ዛሬም አገር እያነበበው እየፈጨሁት ነው። ቢሆንም ንዴቴ አልበረደልኝም፤ እውነት ንዴትን አብርዶ አያውቅም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ከሦስቱ አንዱ፣ አያ ካሳ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ተመለሰ። አያ ደምለው በሁለተኛው ክረምት ከአንድ ገደል አፍ ላይ ወድቆ መቅረቱን የነገረኝ እርሱ ነው። "ዱር እያለን ማታ ማታ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀን ነበር" አለኝ። "'ውሻው ወፍጮን ይዞት ይሆን?' ይልና ብቻውን ይስቃል።"

በዚህ ነው የምናደደው። ሰው እንዴት ሞት ፊት ቆሞ በውሻ ይቀልዳል? እሺ ይቀልድ፤ ግን እኔ ጀርባዬን የሰጠሁት ለቀልዱ ነበር። እውነቱን ቢነግረኝ ኖሮ ገንቦዬን ጥዬ እስከ ቁልቁለቱ ሥር አብሬው እሄድ ነበር። ያችን ቁልቁለት ነው የቀማኝ። ጣልያን ጎጆዋን አቃጠለ፤ ያን ለጣልያን ቆጥሬበታለሁ። ቁልቁለቲቱ ግን የአያ ደምለው ዕዳ ናት።

የሙሉ ስንብት ሲያልቅ በሩ ላይ ጠበቅኋት። አዳራሹ እስካሁን ይስቃል። ክንዷን ያዝኩና "ቀልዱን ሰምቻለሁ፤ አሁን እውነቱን ንገሪኝ። የት ነው የምትሄጂው?" አልኳት።

"ባሕር ዳር ነዋ አባባ! መቶ ጊዜ ነገርኩዎት።"

"ማን ጋር ነው የምታድሪው? ከማን ጋር ነው የምትሄጂው? መቼ ነው የምትመለሽው?"

እየሳቀች ሁሉንም ነገረችኝ፤ አክስቷን፣ አብረዋት የሚሄዱትን ልጆች፣ ለገና እንደምትመለስ። የዛሬ ልጆች ደግ ዘመን ደርሶላቸዋል፤ የሚሄዱበትን ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ አውቶቡሱም ስሙን ግንባሩ ላይ ጽፎ ይዞራል። እኔ ግን ይህንን ሁሉ ሰምቼም ክንዷን አልለቀቅሁም፤ ፊቴም አልተፈታም። አየት አደረገችኝ። ይህን ታሪክ ከጡት ጋር ነው የጠጣችው። ጓደኞቿን ጠርታ አዳራሹ ፊት ጮኸችብኝ።

"ተቆጡ እኮ አባባ! ውሃ! ውሃ!"

ወግ ወግ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ባልዲ ይዤ ቧንቧው ጋ ተሰለፍኩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ "ምነው ጋሼ፣ ሴቶቹ የት ሄዱ?" እያለ ሳቀብኝ። ሙሉ የምትሳፈር ዕለት ግን ባልዲውን መንገድ ላይ ጥዬ እስከ አውቶቡሱ በር፣ ከዚያም አውቶቡሱ ተነስቶ አቧራው እስኪውጠኝ ድረስ አብሬያት ሄድኩ።