በመዳፍ የተያዘ ደም

የባለቤቴን እናት አምስት ዓመት ሙሉ «እትዬ» ስል ነው የኖርኩት። ባለቤቴ «እማዬ ብትላቸው ምን አለበት?» እያለች ብትወተውተኝም አፌ እሺ አላለኝም። እሳቸውም ለልጃቸው እንደ እኔ ካለ የጎሬ ከተማ ልብስ ሰፊ የተሻለ ባል ተመኝተው ስለነበር ብዙም ቅር አላላቸውም።

ባለቤቴ በስምንተኛ ወሯ ደም ግፊት ይዟት ነበር። አንድ ጠዋት ሆዷ እንደ እንጨት ደርቆ ደም ሲፈሳት፣ ሚኒባስ ተኮናትረን ሦስታችንም ወደ መቱ ወረድን። ሆስፒታል ስንደርስ እንግዴ ልጁ ያለጊዜው ተላቅቋል፣ የፅንሱም ልብ ቆሟል ተባልን። አልቅሰን እንኳ ሳንጨርስ አዋላጇ ከባለቤቴ ክንድ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ደም ቀድታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«ሙቀት እንዲያገኝ ጨብጠው ይያዙት፤ እንዳይነቀንቁት። ሰባት ደቂቃ ጠብቀን እናየዋለን» አለችና ወደ ባለቤቴ ዞረች።

እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው የጨበጥኩትን እጄን በእጃቸው ሸፈኑት። «እንዳይረጋ፣ ጌታዬ፣ አደራህን እንዳይረጋ!» ይላሉ። ባላቸውን የገደላቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ የረጋ ደም ነው ተብለው ነበርና፣ ለሳቸው የረጋ ደም ማለት ሞት ነው። እኔም ነገሩ ስላልገባኝ በየመሃሉ አሜን እላለሁ።

አዋላጇ መጥታ ቱቦውን አጋደለችው። ደሙ እንደ ውሃ ፈሰሰ።

«ገለትኒ ዋቃዮፍ! ተመስገን!» አሉ እትዬ፣ ፊታቸው በርቶ።

«ኧረ እናቴ፣ መርጋት ነበረበት!» አለች አዋላጇ። «ደሟ ካልረጋ መድማቱ አይቆምም። አሁኑኑ ደም የሚሰጥ ያስፈልጋል።»

ንዴቴን የማወርድበት ሰው አጣሁና እትዬ ላይ ጮህኩ። «ምን ዓይነት ጸሎት ነው የሚጸልዩት?» አልኳቸው፤ አሜን ባዩ እኔ እንዳልነበርኩ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። እሳቸው ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው ደም ወደሚሰጥበት ክፍል ቀድመውኝ ገቡ። የኔ ደም አልገጠመም፤ የሳቸው ገጠመ። በር ላይ ቆመው ከነበሩት የባጃጅ ሾፌሮችም ሁለቱ ሰጡ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ልጁ ሞቶ ተወለደ፤ ወንድ ነበር። አቅፌው ትንሽ ቆየሁ።

ከሰዓት በኋላ አዋላጇ ከባለቤቴ የቀዳችበትን ሁለተኛ ቱቦ ይዛ መጥታ ወደ እኔ ዘረጋችው። «ለእሳቸው ስጪያቸው» አልኳት። እትዬ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ነጠላቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ደም ሰጥተው ፊታቸው ገርጥቷል። በዚህኛው ጊዜ ጸሎት አላሰሙም።

ሰዓቱ ደርሶ አዋላጇ ቱቦውን ቁልቁል ደፋችው። ደሙ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

እትዬ ሊደሰቱ ፈልገው ፈሩ። ቱቦውን ትተው እኔን አዩኝ።

«ረጋ እኮ... ጥሩ ነው አይደል፣ ልጄ?»

«ጥሩ ነው» አልኳቸው፣ እንባዬ ቀድሞኝ። «ጥሩ ነው፣ እማዬ።»